የወረታው «አዲስ ማዕበል» እና በየግድግዳው የተሳለው ልጅ

ባለፈው ጥቅምት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ወረታ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ «አንድ ሻይ ጠጥተው ይምጡ፣ ወዲያው ነው» አለኝ። ወዲያው የሚባለውን ጊዜ በሥራዬ ብዙ ስለማውቀው ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ቀስ እያልኩ ተራመድኩ። ድሮ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው የሚያድሩበት ቦታ ላይ አሁን የሩዝ መፈልፈያ ቆሟል። አየሩ በገለባ ብናኝ ነጭ ሆኖ ባጃጆች ጭነት ይጠብቃሉ። በሩ ላይ እስከ ቅንድቡ ድረስ ብናኝ የለበሰ ሰው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ጋዜጠኛው አይደሉም?»

«ነበርኩ።»

«ሞላ ነኝ። የአዲስ ማዕበሉ። ኦርጋን ተጫዋቹ።»

«ኦርጋን ትጫወት ነበር እንዴ?»

«እሱን እኔም እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ» ብሎ ሳቀና ሌላ ጆንያ አራግፎ አስቀመጠኝ። ጎማው ተጠግኖ ሚኒባሱ ሲጠራኝ ሄጄ ሻንጣዬን አወረድኩ። የዚያን ዕለት ወረታ አደርኩ።

አዲስ ማዕበልን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ስሙን የሰማው ግን በጊዜው ብዙ ነበር፤ ዘፈኑን ከሰማው ይልቅ ስሙን የሰማው ይበዛ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዘመኑ ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ሰው ሁሉ ለስብሰባ ካኪ ለበዓል ቴትሮን የሚለብስበት ነው። እኔ የአውራጃው ዘጋቢ ሆኜ ተመድቤ፣ መንገዱ ስለሚመቸኝ ወረታ ላይ፣ ከጋሽ ፈንቴ የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የከሰል ካውያ እርጥብ ቴትሮን ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ሽታ ነው። ቀጥሎ ቴፑ ይከፈታል። የጋሽ ፈንቴ ቤት መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ማዕዘን ላይ ስለነበር፣ ከአስመራም ከአዲስ አበባም የሚመጣ ሹፌር የተቀደደ ኪሱን ሊያሰፋ ሲቆም ካሴት ጥሎ ይሄዳል። ሽፋኑ የተላጠ፣ ክሩ ወጥቶ በእርሳስ የተጠቀለለ ካሴት። ወረታ ውስጥ ከሬዲዮ ቀድሞ አዲስ ዘፈን የሚሰማው እዚያ ማዕዘን ላይ ነበር። የወረዳው ሠራተኛ ሁሉ ሻዩን ይዞ መጥቶ በረንዳው ላይ ይሰማል፤ ጋሽ ፈንቴም መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ ጭንቅላታቸውን ይወዘውዛሉ።

ከእነዚያ ካሴቶች በአንደኛው ሽፋን ላይ አራት የፈረንጅ ልጆች ነበሩ። ፀጉራቸው እንደ ዶሮ ኩክኒ ቆሟል፣ የኮታቸው ትከሻ ከበሩ መቃን ሊሰፋ ምንም አልቀረው፣ ሱሪያቸው ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ተጣብቋል። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ከሽፋኑ ላይ የተጻፈውን «አዲስ ማዕበል ማለት ነው፤ የሙዚቃ ዓይነት ነው» ብለው ለጋሽ ፈንቴ ተረጎሙላቸው። ጋሽ ፈንቴ ሙዚቃውን እምብዛም አልወደዱትም። ትከሻውን ግን በጣቶቻቸው እየለኩ ብዙ ጊዜ አዩት። «ይሄ ውስጡ ስፖንጅ አለው» አሉኝ።

ታሪኩ በስፖንጅ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ነገሩን የጀመረችው የጋሽ ፈንቴ እህት ወይዘሮ የሺ ናት። ከወረታ ወጣ ብላ ባለችው የገጠር መንደር፣ በቁሐር ሚካኤል፣ የሚያገለግሉት የቄስ አለሙ ባለቤት ነች፤ ልጇ ጌጡ እየተማረ ከአጎቱ ጋር ወረታ ይኖራል። ከአባቱ ዘንድ ዜማ ተምሮ ነበርና ድምፁ ጥሩ ነው፤ ቁመቱም መልኩም ዓይን ይስባል። አንድ ጠዋት መጥታ ልብስ መለካት የፈለገች መስላ ቆመችና፣ «ፈንቴ፣ ከእኛ መንደር ሦስት ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና ሄዱ። ያ ልጅ ካንተ ጋር ነው ያለው። አባቱ ለሚካኤል ነግሮታል፤ እኔ ደግሞ ላንተ ነገርኩህ። ሁለታችሁ ተነጋገሩ» አለቻቸው።

ጋሽ ፈንቴ እሷ ስትሄድ ካውያውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«በኪነት ቡድን ያለ ልጅ አይነካም አይደል?»

«በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ አላየሁም» አልኳቸው። «ነገር ግን በሥራ ላይ ካለ ቡድን ልጅ ሲወሰድም አላየሁም።»

«ቡድኑ ስሙ የገነነ ከሆነስ?»

«የገነነውን ማን ደፍሮ ያፈርሰዋል?»

ልብስ የሚቀድ ሰው ሐሳቡን የሚጨርሰው በመቀስ ነው። ከሰዓት በኋላ ወፍራም ካርቶን አውጥተው ጌጡን አስቀመጡትና የፊቱን ቅርጽ ካርቶኑ ላይ እንደ ኮት ቅድ ቆረጡት። ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ የቆመ ፀጉሩ፣ ያ ሰፊ ትከሻ። ካርቶኑን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሰማያዊ ቀለም አስነክተው ሲያነሡት የጌጡ መልክ ግድግዳው ላይ ቁጭ አለ። ከሥሩ «አዲስ ማዕበል» የሚል ጻፉበት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቡድኑ ጊታር አልነበረውም፤ ከበሮ አልነበረውም፤ ዘፈንም አልነበረውም። ማስታወቂያ ግን ነበረው።

በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የጌጡ ፊት ያልተሳለበት ግድግዳ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ወፍጮ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ የርብ ወንዝ ድልድይ ምሰሶ፣ በየመንደሩ መንገድ ዳር ያለ ጭቃ ቤት። ጋሽ ፈንቴ ገበያ የሚወጣ ዘመድ ባላቸው ቁጥር ካርቶኑንና የቀለም ቆርቆሮውን ያሸክሙታል። የወረዳው ባለሥልጣናትም ደስ አላቸው። በአውራጃው የኪነት ነገር ሲነሳ ከእኛ ወረዳ ምንም አይጠቀስም ነበርና፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ኦርጋን፣ ከሌላው ድምፅ ማጉያ ፈቀዱ። ላንድሮቨር ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮ «ወጣቱን የሚያንቀጠቅጥ፣ ዘመኑን የሚቀድም» እየተባለ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን ከተማ ተለፈፈ። ገበሬው ግራ ገብቶት ነበር። አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን እየነዱ ግድግዳውን አይተው «ማዕበል ደግሞ ምን ጎደለን ብለው ነው? ክረምት ክረምት ርብ የሚያመጣብን አንሶ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጓያ የሚዘራበት ረግረግ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ማዕበል ብሎ ሊስቅ አይችልም።

ሞላ የተመረጠው ጣቱ ረጅም ስለሆነ ነው። «ጋሽ ፈንቴ እጄን በሜትር ለኩት» አለኝ። «ለኩና "ይሆናል" አሉ። ኦርጋኑ ላይ ምቱን ብቻውን የሚመታ ቁልፍ አለ፤ እሱን መክፈት ተማርኩ። መዝጋቱን ግን ያሳየኝ አልነበረም።» ጊታርና ከበሮ የያዙት ሌሎች ሁለት ልጆች የአቅማቸውን ያህል ይሞክሩ ነበር። እውነተኛ ችሎታ የነበረው ጌጡ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የዘፈኑን መጨረሻ እየጎተተ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዚቅ ስለሚያሳርገው ጋሽ ፈንቴ «ቁረጠው፣ ቁረጠው፣ ማዕበል አይንቀረፈፍም» ይሉታል። ልብሳቸው ግን፣ አየሁ ብዬ የምመሰክርለት ነው፣ የትም ቢሄድ የማያሳፍር ነበር። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሳቲን፣ ለገበር የሚሆነውን ከላይ አድርገው የሰፉት፤ ትከሻው ውስጥ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ስፖንጅ።

የምረቃው ቀን ጥር ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ጎን ባለው ሜዳ ሆነ። የአውራጃው የኪነት ጉዳይ ካድሬ ሊመጡ ነው። ሕዝቡ በርክቶ ካዩ ቡድኑ የአውራጃው ይሆናል፣ ልጆቹም በሥራ ላይ ያሉ ይባላሉ፤ ካልሆነ ሳቲን የለበሱ አራት ሥራ ፈቶች ናቸው። ጋሽ ፈንቴ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ያገኙ አይመስለኝም። በመጨረሻው ቀን «ላንድሮቨሩ ሜዳው ውስጥ አይገባም፤ የቁሐር ሰው አልሰማም» ብለው ተጨነቁና አያ ተገኘን አስጠሩ። አያ ተገኘ የቁሐር እድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ጋሽ ፈንቴ ልጅነታቸው ደሴ፣ ጉልምስናቸው ወረታ ከተማ ነበርና ጥሩምባ ለእሳቸው የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

«አያ ተገኘ፣ ነገ ጠዋት በየጎጡ ዞረህ ትነፋልኛለህ። ሰው ወደ ወረታ ይምጣ።»

«እነፋለሁ።»

«ደስ በሚል አነፋፍ ነው ታዲያ።»

አያ ተገኘ ጥሩምባቸውን አገላብጠው አዩት። «ይሄ የሚያውቀው አንድ ነው» አሉ።

«ግዴለም፣ ብቻ ጮክ ይበል።»

በማግስቱ መድረክ የሆነው የጎኑ መዝጊያ የወረደ የጭነት መኪና ነበር። ካድሬው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከጎን ቆሜያለሁ። የከተማው ሰው ጥቂት ነበርና ጋሽ ፈንቴ አንገታቸውን ወደ ሜዳው ይሰግጋሉ። ከዚያ ሕዝቡ መታየት ጀመረ። ከኑግ ማሳው ማዶ፣ በየቦዩ ዳር፣ ረጅም ሰልፍ። ጋሽ ፈንቴ ክርኔን ጨበጡኝ፤ ደስታቸው ከእጃቸው ይታወቅ ነበር። ሰልፉ ሲቀርብ ግን ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ሴቶቹ ወገባቸውን በመቀነት አስረዋል፣ ከኋላ የሚመጡት ንፍሮና እንጀራ በመሶብ ተሸክመዋል። ፊት ፊት የሚመጡት ያለቅሳሉ። ጋሽ ፈንቴ ክርኔን ለቀቁት።

ከፊት የመጡት እመይቴ ብርቄ የሚባሉ የቁሐር እናት ናቸው። መኪናው ሥር ቆመው ሳቲን የለበሱትን ልጆች አንድ በአንድ አዩ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«ሞት የለም እመይቴ፣ ዘፈን ነው» አሉ ጋሽ ፈንቴ። «ለዘፈን ነው የጠራናችሁ።»

«በጥሩምባ?»

«በጥሩምባ።»

አሮጊቷ ወደ ኋላቸው ዞረው ለሕዝቡ ነገሩ። ማጉረምረም ሆነ፤ አንዱ ጎልማሳ «እኔ አጨዳ ትቼ ነው የመጣሁት፣ ቢያንስ ጋሽ ፈንቴ ይሙቱልን» ሲል የሳቀም ነበር። ግን የሚመለስ አልነበረም። እነሱ ዘንድ ጥሩምባ ሰምቶ ለለቅሶ የወጣ ሰው ሳያለቅስ ከተመለሰ ሞቱን ራሱ ተሸክሞት ቤቱ ይገባል ይባላል። ይህን እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ የማናውቀው ጋሽ ፈንቴ፣ ካድሬውና እኔ ነበርን። እመይቴ ብርቄ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያስ ከወጣን አይቀር የእኔን ዘበናይ አልቅሱልኝ» አሉ። ዘበናይ ከሚሊሻው ጋር ወደ ሰሜን የሄደ ልጃቸው ነው። መርዶ አልመጣም፣ ደብዳቤም አልመጣም፤ ሰው መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ አይችልም፣ ድንኳንም አይጥልም። ከጎናቸው የቆመች ሴት የእሷን ልጅ ስም ጠራች። ከኋላ ሌላ ስም ተጠራ። ሁሉም ቤት አንድ አንድ ስም ነበረው።

ያን ጊዜ ሞላ ደንግጦ አንድ ቁልፍ ነካና የኦርጋኑ ምት ጀመረ፤ ቲክ ታክ፣ ቲክ ታክ እያለ መቆም እምቢ አለ። ጌጡ አጎቱን አየ፣ እናቱን ከሕዝቡ መሀል ፈልጎ አየ፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አንስቶ ለእመይቴ ብርቄ ሙሾ አወረደ፤

ዝናቡም አባርቶ ርቡም ጎደለልሽ፣
መሻገሪያው ደርቆ ልጅሽን ምን ያዘብሽ።

ሴቶቹ ተቀበሉት። ጌጡ በየስሙ አዲስ ግጥም እያወጣ፣ መጨረሻውን እንደ ልቡ እየጎተተ፣ ማንም ቁረጠው ሳይለው ዘለቀ። ኦርጋኑም ከሥር ይመታ ነበር። በሥራዬ ብዙ ትልልቅ መድረኮች አይቻለሁ፤ ሰው እንደዚያ ዘፋኝን ሲሰማ ግን አላየሁም። ካድሬው ተነሥተው «ጋሽ ፈንቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው ይህን የፈቀደው?» ሲሉ፣ እመይቴ ብርቄ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ጥሩምባውን ያስነፋችሁት እናንተው ናችሁ ልጄ» ብለው መለሱላቸው። ካድሬው ክፉ ሰው አልነበሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

እኔ ያየሁትን ጻፍኩ። የወጣው «በፎገራ ወረዳ አዲስ የኪነት ቡድን ብዛት ያለው ሕዝብ በተገኘበት ተመረቀ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሰት የለበትም። ሳምንት ሳይሞላ ቡድኑ ለግምገማ ታግዷል ተባለ፤ ኦርጋኑም ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። በዓቢይ ጾም አጋማሽ አብዮት ጥበቃዎች ወጣት ፍለጋ ወጡ።

ያን ጊዜ ነው ማስታወቂያው የዞረብን። ሌላው ልጅ ወደ ጣና ዳር ወርዶ ረጅሙ የደንገል ሣር ውስጥ ይደበቃል፣ ወይም ዘመድ ጋ ሄዶ በሌላ ስም ይቀመጣል፤ ከወጣት ወጣት ለይቶ የሚያውቀው የለም። ጌጡን ግን ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን ያለ ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ድልድዩ ላይ ቆሞ የሚፈትሽ ጠባቂ ከጀርባው ምሰሶ ላይ የጌጡ ፊት አለ፤ ዞር ብሎ ማስተያየት ብቻ ነው። ካልጠፋ ሰው ያንን ልጅ ከሁሉ አስቀድመው ፈለጉት፤ ስሙ የገነነውን መያዝ ለእነሱም ሥራ መሥራታቸውን ያሳይላቸዋል። ወይዘሮ የሺ መጣች። እህትና ወንድም ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ስትወጣ ግን ጋሽ ፈንቴ ብሩሽና የቀረውን ሰማያዊ ቀለም ይዘው ተከትለዋት ወጡ።

ሰውየው ያሳዝኑ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጭ ብለው የሰፉ ሰው፣ እግራቸው አብጦ ከግድግዳ ግድግዳ እየዞሩ የእህታቸውን ልጅ ፊት ቀለም ይደፉበታል። ውጤቱ ደግሞ የባሰ ሆነ። ፊት በነበረበት ሁሉ አራት ማዕዘን ሰማያዊ ተጋርጦ ከሩቅ ይጣራል። የቀበሌው ሊቀመንበር መንገድ ላይ አግኝተዋቸው «ጋሽ ፈንቴ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊያስተዋውቁን ነው?» አሏቸው። በከተማው ሁለተኛ ባንድ ሊመጣ ነው ተብሎ ተወራ። ቀለማቸውም ወረታን እንኳ ሳይጨርስ አለቀ፤ የገጠሩ ግድግዳ እንዳለ ነበር። ማታ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው «ልብስ ቢሆን እፈታው ነበር» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ ሁመራ ታዘዝኩና ወረታን ለቀቅኩ። ጋሽ ፈንቴም ብዙ ሳይቆዩ ማረፋቸውን በሰው ሰማሁ። ስለ ጌጡ ሁለት ወሬ ደርሶኝ ነበር፤ አንዱ ተይዞ ወደ ሰሜን ሄደ ይላል፣ ሌላው አልተያዘም ይላል። የትኛውንም ከዓይን ምስክር ስላልሰማሁ ሁለቱንም አላወራሁም። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት ሞላ ጆንያው ላይ ሲያስቀምጠኝ አስቀድሜ የጠየቅኩት የጌጡን ነገር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሞላ የነገረኝ ነው፤ እሱ በቦታው አብሮ ነበር። በማግስቱ ቁሐር ሄጄ ከሁለት እናቶችም ጠይቄ አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወይዘሮ የሺ የወንድሟን ሰማያዊ ካየች በኋላ ወደ እመይቴ ብርቄ ነው የሄደችው። ፋሲካ ሊደርስ ነው። ለፋሲካ ቤት በጭቃና በእበት መለቅለቅ አለበት፤ ይህን የማታደርግ ሴት የለችም፤ ለምን አደረግሽ ብሎ የሚጠይቅም የለም። እመይቴ ብርቄ ለእድርተኛው ሴት ሁሉ ነገሩ፣ «ዘንድሮ የውጩንም ግድግዳ ነው፤ ወፍጮ ቤቱንም እናግዛቸው፤ የድልድዩም ምሰሶ ቢሆን ለበዓል ነው» ብለው። ወንዶቹ ጭቃ ረገጡ፣ ጭድ ተቀላቀለ፣ ሴቶቹ ለቀለቁ። ልቅለቃው ከቁሐር ተነሥቶ መንደር ለመንደር እየተቀባበለ ወደ መንገዱ ወጣ። ጌጡን ደንገል ውስጥ መደበቅ ያስፈራል ተባለ፤ ፈላጊዎቹም መጀመሪያ የሚሄዱት እዚያ ነው። ስለዚህ ከምረቃው ለቅሶ ወዲህ እንደ ሐዘንተኛ የሚላጨውን ጭንቅላቱን ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ከነሞላ ጋር ጭቃ ይረግጥ ነበር።

አብዮት ጥበቃዎቹ የዚያን ቀን እንዲይዙ የታዘዙት ጌጡን ብቻ ነበር። የእመይቴ ብርቄ ደጅ ላይ ሲደርሱ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው። አለቃቸው ወደ ግድግዳው ተጠጋና በጣቱ ነካው።

«እዚህ ላይ የነበረው ልጅ የት ሄደ?»

«ግድግዳ ላይ ልጅ ይኖራል እንዴ ጓድ? እኔ የማውቀው እበት ነው።»

«ሰማያዊው፣ እመይቴ። ዘፋኙ።»

«እሱማ በመኪና ላይ ሆኖ ሲያለቅስ አየሁት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እናንተ አገር ማዕበል የት ነው የሚሄድ?»

ሰውየው ጭቃው ውስጥ የቆሙትን ወንዶች አንድ በአንድ አየ። ጌጡ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ትንሽ ቆየ። ሰፊ ትከሻ የለ፣ የቆመ ፀጉር የለ፤ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ የነካ፣ ቀጭን፣ የተላጨ ልጅ ነው። ሰውየው ጣቱን በሱሪው ጠረገና «መልካም በዓል» ብሎ አለፈ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት። ኮቴያቸው ከአጥሩ ማዶ ሲርቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ጌጡም እግሩ ጭቃው ውስጥ እንደተተከለ ቀረ።

እመይቴ ብርቄ የእበቱን ቅርጫት አንሥተው ወደ እሱ ዞሩ።

«እርገጥ እንጂ ልጄ፣ ምን ቆመሃል። የአያ ተገኘ ቤት ገና ይቀረናል።»